የድረ ገጽ አቀማመጥ ስያሜዎች በጉድለት ጊዜ ሲፈተኑ

ለሙያ ቃላት አማርኛ አቻ የሚያዘጋጅ ሰው ሥራውን ብዙውን ጊዜ የሚመዝነው በሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው ቃሉ ከምንጩ ቋንቋ ቃል ፍች ጋር መገጣጠሙ፣ ሁለተኛው ለአማርኛ ጆሮ የማይጎረብጥ መሆኑ ነው። ሁለቱም ተገቢ መመዘኛዎች ናቸው። ነገር ግን አንድ ነገር ተሠርቶ፣ ተበላሽቶና ተጠግኖ በሚታይበት መስክ ሦስተኛ መመዘኛ አለ፤ ይኸውም ነገሩ በተበላሸ ጊዜ ቃሉ ጠጋኙን ወደ ብልሽቱ ምክንያት ይመራዋል ወይስ ያርቀዋል የሚለው ነው። በዚህ ጽሑፍ ልተቸው የተነሣሁት ለአስተያየት የደረሰኝን አንድ የድረ ገጽ አቀማመጥ ስያሜዎች ረቂቅ ነው። ረቂቁ በሁለቱ መመዘኛዎች ሲታይ የሚያስመሰግን፣ በሦስተኛው ሲታይ ግን በብዙ ቦታ የሚያሳስት ሆኖ ይገኛል። ገና ያልታተመ ስለ ሆነም የአዘጋጁን ስም መጥቀስ አስፈላጊ አይደለም።

ለመስኩ እንግዳ ለሆነ አንባቢ ጥቂት ማብራሪያ ያስፈልጋል። ድረ ገጽ ቢያንስ በሁለት ቋንቋ ይጻፋል። አንዱ ኤች.ቲ.ኤም.ኤል. ሲሆን የጽሑፉን ክፍሎች ርእስ፣ አንቀጽ፣ ሠንጠረዥ እያለ ይለያል። ሁለተኛው ሲ.ኤስ.ኤስ. ነው፤ እነዚያ ክፍሎች በምን ቀለም፣ በምን ያህል ወርድ፣ ከምን አጠገብ እንደሚቀመጡ ያዝዛል። ይህን ሁለተኛ ቋንቋ ኖርዌያዊው ሐኮን ቪዩም ሊ በ1994 እ.ኤ.አ. በሐሳብ ደረጃ አቀረበው፤ ከሆላንዳዊው ቤርት ቦስ ጋር ካዳበሩት በኋላ የመጀመሪያው ድንጋጌ በ1996 መጨረሻ ጸደቀ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። ድንጋጌውን የሚያወጣው ወርልድ ዋይድ ዌብ ኮንሶርቲየም የተባለው ማኅበር ሲሆን፣ ሥራ ላይ የሚያውሉት ግን ክሮም፣ ፋየርፎክስ፣ ሳፋሪና እነርሱን የመሳሰሉት ማሰሻዎች ናቸው። አንድን ሕግ ልዩ ልዩ ዳኞች በየችሎታቸው ሲተረጉሙት የሚሆነው ሁሉ እዚህም ይሆናል።

ማሰሻ ያልሁትን ረቂቁ «አሳሽ» ይለዋል። በሕዝብ ዘንድ አሳሽ የሚለውም እንደሚነገር ዐውቃለሁ። ይሁንና ከአረሰ አራሽና ማረሻ እንደሚወጡ ሁሉ ከአሰሰም አሳሽና ማሰሻ ይወጣሉ፤ አራሹ ገበሬው፣ ማረሻው ብረቱ ነው። ድረ ገጹን የሚያስሰው ሰው እያለ መሣሪያውን በባለ ድርጊቱ ስም መጥራት ሁለቱን ያቀላቅላል። በዚህ ላይ ከዚህ በላይ መከራከር ግን አያስፈልግም።

ወደ ዋናው ነገር ስንገባ፣ ረቂቁ ጉድለትን ሁሉ «ስሕተት» በሚል አንድ ቃል መጥራቱ ከሁሉ ይልቅ ጎጂ ነው። ገጹ ተዛብቶ ያገኘው ሰው በመጀመሪያ ሊያውቅ የሚገባው ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ ነውና። አንዳንድ ጊዜ ጥፋቱ የማሰሻው ነው። በ2001 የወጣው ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 6፣ አንድ ሣጥን በ«ፍሎት» ትእዛዝ ወደ ግራ እንዲጠጋ ተደርጎ የ10 ፒክስል ግራ ኅዳግ ከተሰጠው፣ በረድፉ መጀመሪያ ላይ ያለውን ሣጥን በ20 ፒክስል አርቆ ያስቀምጠው ነበር። ድንጋጌው እንዲህ አላዘዘም። መድኀኒቱም የሚያስገርም ነበር፤ ሣጥኑ «ኢንላይን» ይሁን ብሎ መጻፍ ብቻ ይበቃል። ይህ ትእዛዝ በድንጋጌው መሠረት እንዲህ ባለ ሣጥን ላይ አንዳች ውጤት የሌለው ሆኖ ሳለ፣ በዚያ ማሰሻ ግን ኅዳጉን ወደ 10 ይመልሰው ነበር። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ጥፋተኛ የለም። የቅጽ መሙያ አዝራርና የምርጫ ዝርዝር በሳፋሪና በፋየርፎክስ መልካቸው የሚለያየው ድንጋጌው ነገሩን ለማሰሻው ፈቃድ ስለ ተወው ነው። በሦስተኛው ዐይነት ማሰሻዎቹ ሁሉ ይስማማሉ፤ ሁሉም ድንጋጌውን ፈጽመው ጸሐፊው ያልጠበቀውን ያሳያሉ። እንግዲህ ለመጀመሪያው በሶፍትዌር ሠራተኞች ዘንድ የተለመደውን «ሳንካ»ን፣ ለሁለተኛው «ልዩነት»ን፣ ለሦስተኛው ደግሞ የኅትመት ሠራተኛ የሚያውቀውን «ግድፈት»ን ብንመድብ፣ ስያሜው ራሱ የምርመራው ግማሽ ይሆናል። ሳንካን የሚያልፉት በዘዴ ነው፤ ልዩነትን የሚያስተካክሉት በግልጽ ትእዛዝ ነው፤ ግድፈትን የሚያርሙት ድንጋጌውን በማንበብ ነው።

አሁን ሣጥኑን እንመልከት። በሲ.ኤስ.ኤስ. እያንዳንዱ የገጽ ክፍል አራት ማዕዘን ሣጥን ነው። መሐሉ ይዘት ነው፤ ይዘቱን ባዶ ቦታ ይከበዋል፤ ያን ባዶ ቦታ መስመር ይከበዋል፤ ከመስመሩ ውጭ ደግሞ ሣጥኑን ከጎረቤቱ የሚያርቅ ሌላ ባዶ ቦታ አለ። ረቂቁ እነዚህን በቅደም ተከተል «ይዘት»፣ «ውስጠ ኅዳግ»፣ «ጠርዝ»፣ «ኅዳግ» ብሏቸዋል። ሲነበብ ያማረ ነው። ነገር ግን ጠርዝ ውፍረት የለውም። የጠረጴዛ ጠርዝ ጠረጴዛው የሚያበቃበት እንጂ ራሱን የቻለ አካል አይደለም። እዚህ ያለው መስመር ግን 1 ወይም 5 ፒክስል ውፍረት አለው፤ በሒሳቡም ይገባል። ሁለት ዐምዶች ጎን ለጎን እንዲቆሙ እያንዳንዳቸው የገጹን 50 በመቶ ተሰጥቷቸው ሁለተኛው ከታች ወርዶ ሲገኝ፣ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ያልተቈጠረ የአንድ ፒክስል መስመር ነው። «ጠርዝ» ብሎ የተማረ ሰው ይህን ፒክስል ለመፈለግ ሐሳብ አይመጣለትም። «ክፈፍ» ብንለው ግን የሥዕል ክፈፍ ውፍረት እንዳለው ሁሉም ያውቃል፤ ሥዕሉን ግድግዳ ላይ የሚሰቅል ሰው ክፈፉን ሳይለካ ቦታ አይመርጥም።

«ውስጠ ኅዳግ»ም ሌላ ጣጣ አለበት። የውጪውና የውስጡ ባዶ ቦታ አንድ የወል ስም ከያዙ ጠባያቸውም አንድ ይመስላል። ቀጥሎ እንደምናየው ግን የውጪው ከጎረቤቱ ጋር ይዋዋጣል፤ የውስጡ ከቶ አይዋዋጥም። የውጪው የሣጥኑን ቀለም አይቀበልም፤ የውስጡ ይቀበላል። ስለዚህ የተለየ ስም ይገባዋል። እኔ «ገበር»ን አቀርባለሁ። የካፖርት ገበር ከልብሱ በስተውስጥ ነው፤ ገበር የበዛበት ልብስም የውጭ ልኩ እንዳለ ሆኖ ለገላ የሚተርፈው ቦታ ይጠባል። ቃሉ እንከን የለውም ለማለት አልደፍርም፤ ገበር ሌላ ጨርቅ ሲሆን የሣጥኑ ገበር ግን የሣጥኑ የራሱ ቀለም የሚታይበት ባዶ ቦታ ነው። ቢሆንም ጠጋኙን ወደ ስሕተት መንገድ አይመራውም። ወርድን በተመለከተ ረቂቁ አንዳንድ ቦታ «ስፋት» ማለቱ መታረም አለበት፤ በትምህርት ቤት ሒሳብ ስፋት ማለት ርዝመት በወርድ ተባዝቶ የሚገኘው ነውና።

የእነዚህ ስሞች ጥቅም የሚታየው በዚህ መስክ ታሪክ እጅግ ከታወቀው ውዝግብ ላይ ነው። አንድ ሣጥን ወርዱ 300 ፒክስል እንዲሆን ታዘዘ፤ በግራና በቀኝ 20፣ 20 ገበርና 5፣ 5 ክፈፍ ተሰጠው እንበል። ሣጥኑ በገጹ ላይ ስንት ፒክስል ይይዛል? በ1996ቱ ድንጋጌ መሠረት ወርድ ማለት የይዘቱ ወርድ ብቻ ነው፤ ስለዚህ 300 ሲደመር 40 ሲደመር 10፣ በጠቅላላው 350 ይሆናል። በዊንዶውስ ላይ ይሠራ የነበረው ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 5 ግን ወርድን ከክፈፍ እስከ ክፈፍ ለካው፤ ሣጥኑ 300 ሆኖ ለይዘቱ 250 ብቻ ተረፈ። የ50 ፒክስል ልዩነት ባለ ሦስት ዐምድ ገጽን ለማፍረስ ይበቃል። ጠጋኞች ለአንዱ ማሰሻ አንድ ቍጥር፣ ለሌላው ሌላ ቍጥር እየደበቁ እስከ መጻፍ ደርሰው ነበር። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 6 አለካኩን ከድንጋጌው ጋር ሲያስማማ፣ በአሮጌው ልክ የተሠሩት ገጾች እንዳይፈርሱ አሮጌውንም አብሮ ያዘ። የትኛውን እንደሚከተል የሚወስነውም በሰነዱ መጀመሪያ ላይ የሰነድ ዐይነት መግለጫ መኖር አለመኖሩን ተመልክቶ ነበር። ይህን መለያ ዘዴ አስቀድሞ በሥራ ላይ ያዋለው በ2000 የወጣው የማኪንቶሹ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 5 ነበር።

እንግሊዝኛው አሮጌውን አሠራር «ኵወርክስ ሞድ» ይለዋል፤ ረቂቁም ቃል በቃል «ያልተለመደ ሁነታ» አድርጎታል። ይህ ፍርድ እንጂ ስያሜ አይደለም። ስሙን ያወጡት ሰዎች ድንጋጌውን ወግነው ነበርና የቀድሞውን እንደ እብደት ቈጠሩት። በእውነቱ ግን ያልተለመደ ሳይሆን እጅግ የተለመደ ነበር፤ ዛሬም ማሰሻዎች ሁሉ ይህን ሁነታ ይዘው ይገኛሉ። «የቀድሞ ልማድ ሁነታ» ቢባል፣ ገጹ ያለ ምክንያት ተዛብቶ ያገኘ ሰው «ሰነዴ የትኛውን ልማድ እየተከተለ ነው?» ብሎ ወደ መጀመሪያው መስመር እንዲሄድ ይጠቁመዋል።

የሚገርመው ግን ነገሩ በኋላ መገልበጡ ነው። ከክፈፍ እስከ ክፈፍ መለካት ለሠሪው የሚመች ሆኖ ስለ ተገኘ፣ «ቦክስ ሳይዚንግ» በሚባል ትእዛዝ ሁለቱም አለካኮች ተፈቀዱ፤ ዛሬ ብዙ ባለሙያዎች ሥራቸውን የሚጀምሩት በጥንቱ የኤክስፕሎረር ልክ ነው። የሲ.ኤስ.ኤስ. የሥራ ቡድን ራሱ በንድፉ ላይ ተፈጸሙ ያላቸውን ስሕተቶች ዘርዝሮ ለሕዝብ ባቀረበው ጽሑፍ፣ ነባሪው አለካክ የክፈፉ ሊሆን ይገባው እንደ ነበር አምኗል። ረቂቁ ለዚህ ትእዛዝ «የሣጥን መጠን አወሳሰን» ብሎ ሁለቱን ምርጫዎች ግን ሳይተረጕም አልፏል። መተርጐም የነበረባቸው እነርሱ ነበሩ፤ «ወርድ በይዘት» እና «ወርድ በክፈፍ» ብንላቸው 350ና 300 ከስሙ ይነበባሉ።

ከሁሉ የበለጠ የሚያሳስተው የረቂቁ ስያሜ «የኅዳግ መፍረስ» ነው። እንግሊዝኛው «ኮላፕስ» ስለሚል አዘጋጁ የመዝገበ ቃላቱን የመጀመሪያ ፍች ወሰደ። አሁን ነገሩን እንይ። የላይኛው አንቀጽ የ30 ፒክስል ታች ኅዳግ፣ የታችኛው አንቀጽ የ20 ፒክስል ላይ ኅዳግ አላቸው። በመሐላቸው የሚገኘው ርቀት 50 አይደለም፤ 30 ነው። አንዳች የፈረሰ ነገር የለም፤ ትልቁ ትንሹን ውጦታል። «መፍረስ» ያነበበ ጠጋኝ የተበላሸ ነገር ይፈልጋል፤ ሳንካ ነው ብሎ በሌላ ማሰሻ ይሞክራል፤ እዚያም ያንኑ 30 ያገኛል፤ ምክንያቱም ድንጋጌው ያዘዘው ነው። «የኅዳግ መዋዋጥ» ቢባል ኖሮ ሒሳቡን ከስሙ ያገኘው ነበር። «መዋሐድ» የሚል አማራጭ ይቀርብ ይሆናል፤ ሁለቱ አንድ መሆናቸውን ይናገራል፤ የአንደኛው መጠን ጠፍቶ የሌላው መቅረቱን ግን አይናገርም። ከዜሮ በታች የሆነ ኅዳግ በገባ ጊዜ በርግጥ መዋዋጥም አይገልጸውም፤ 30ና ከዜሮ በታች 10 ሲገናኙ 20 ይሆናሉ፤ ይህ መቀነስ ነው። ስያሜ ግን የሕጉን ዐይነተኛ ሁኔታ ቢይዝ ይበቃዋል፤ ልዩ ሁኔታው በፍቹ ውስጥ ይጻፋል።

የመዋዋጡ ሁለተኛ ገጽታ ብዙ ጀማሪዎችን ያስጨንቃል። በቀለም ሣጥን ውስጥ ያለ የመጀመሪያ ርእስ የላይ ኅዳግ ካለው፣ ኅዳጉ ርእሱን ከሣጥኑ ጣራ አያርቀውም፤ ከሣጥኑ ሾልኮ ይወጣና ሣጥኑን በሙሉ ወደ ታች ይገፋዋል። ጠጋኙ የሣጥኑን ኅዳግ ይመረምራል፤ ዜሮ ነው። ምክንያቱ ያለው በልጁ ዘንድ ነው፤ ልጅና ወላጅ በመሐላቸው ክፈፍ ወይም ገበር ስለሌለ ኅዳጎቻቸው ተገናኝተው ተዋዋጡ። አንድ ፒክስል ገበር ቢገባ ነገሩ ይቆማል። ቀደም ሲል የጠቀስሁት የሥራ ቡድኑ ዝርዝር ኅዳግ በራሱ በአንዱ ሣጥን ላይና ታች እንኳ ሳይቀር እንዲዋዋጥ መፈቀዱን የዚህ ሁሉ መከራ ሥር አድርጎ ይቈጥረዋል። ይህን የመሰለ ኑዛዜ ከምንጩ ሲመጣ ተርጓሚው የምንጩን ቃል እንደ ታቦት ተሸክሞ የሚዞርበት ምክንያት አይታየኝም።

በዚህ ላይ እንግሊዝኛው «ኮላፕስ»ን ቢያንስ ለአራት ነገር ይጠቀምበታል። አንዱ የተባለው የኅዳግ ነው። ሁለተኛው በሠንጠረዥ ውስጥ ጎረቤት ክፍሎች አንድ መስመር ሲጋሩ ነው። ሦስተኛው የሠንጠረዥ ረድፍ ሲሰወር ነው። አራተኛው በድንጋጌው ስም የሌለው የባለሙያ አነጋገር ሲሆን፣ ወላጅ ሣጥን ልጆቹ ሁሉ በ«ፍሎት» ከፍሰቱ ሲወጡ ቁመቱን የሚያጣበት ሁኔታ ነው። ረቂቁ ለአራቱም «መፍረስ» ይላል። አማርኛ እንግሊዝኛ ያልለየውን መለየት እየቻለ የሌላውን ድህነት መበደር አያስፈልገውም፤ መዋዋጥ፣ ክፈፍ መጋራት፣ መሰወር፣ ቁመት ማጣት፤ ቃላቱ ተራ ናቸው፤ ግን እያንዳንዳቸው ወደ ተለያየ መድኀኒት ይመራሉ።

«ፍሎት» በረቂቁ «ተንሳፋፊ» ሆኗል። ተንሳፋፊ ነገር ከላይ ነው፤ ከሥሩ ውኃ አለ። ይህን ያነበበ ሰው ሣጥኑ በጽሑፉ ላይ ተነባብሮ እንደሚቀመጥ ያስባል። በእውነቱ ግን ሣጥኑ ወደ አንዱ ጥግ ይጠጋል፤ ጽሑፉም ቦታ ለቆለት በጎኑ ይሄዳል፤ ጋዜጣ አቀናባሪዎች ሥዕልን በዐምድ ዳር አስቀምጠው ጽሑፉን በዙሪያው እንደሚያስኬዱት ማለት ነው። ስለዚህ «ጥግ ያዥ» ይሻለዋል፤ «ጥገኛ»ን ያልመረጥሁት አንባቢ ሊገምተው በሚችለው ምክንያት ነው። ይህን ካላስተካከልን «ክሊር» የሚለውንም አንረዳውም። ረቂቁ «ማጽዳት» ብሎታል፤ ጀማሪው አንድ ነገር የሚሰረዝ ይመስለዋል። ትእዛዙ የሚለው «ከጥግ ያዡ ጎን አትቁም፤ ከሥሩ ወርደህ ጀምር» ነው። «ወርዶ መጀመር» ብንለው የገጹ ግርጌ ከዐምዶቹ ጎን ሾልኮ ሲወጣ የሚያየው ሰው የቱን ትእዛዝ እንደሚሻ በቀላሉ ያውቃል።

ስለ ድርብርብ ጥቂት ልበልና ልለፍ። ሁለት ሣጥኖች ሲደራረቡ የትኛው ከላይ ይሁን የሚለውን የሚወስነው ቍጥር በረቂቁ «የዘ ማውጫ» ተብሏል፤ ይህን ተርጕሞ ትርጕም ሆነ ለማለት ያስቸግራል። የሥራ ቡድኑም የእንግሊዝኛውን ስም ከስሕተቶቹ ዝርዝር ውስጥ አግብቶታል። «የድርብርብ ተራ» ይበቃል። ዋናው ችግር ግን ቍጥሩ የሚቈጠርበት ክልል ነው። 9999 የተሰጠው ሣጥን 2 ከተሰጠው በታች ሆኖ ሲገኝ ማሰሻው የተሳሳተ ይመስላል። ነገሩ እንደ ቤት ቍጥር ነው፤ በአንድ ቀበሌ 900ኛው ቤት ከሌላው ቀበሌ 2ኛ ቤት ጋር በቍጥሩ አይወዳደርም፤ መጀመሪያ ቀበሌዎቹ ይወዳደራሉ። ረቂቁ ለዚህ ያቀረበው «የመደራረብ ዐውድ» ለቋንቋ ባለሙያ የሚያምር፣ ለጠጋኝ ግን ዝም ያለ ቃል ነው። «የድርብርብ ክልል» ድንበር እንዳለ ይናገራል።

ለሥነ ልሳን አንባብያን የሚጥም አንድ ነገር በረቂቁ ውስጥ በትክክል ተይዟል። ማሰሻ ሠሪዎች ገና ባልጸደቀ ትእዛዝ ፊት የየራሳቸውን ምልክት፣ ዌብኪት፣ ሞዝ፣ ኤም.ኤስ. እያሉ ያስቀድሙ ነበር፤ ረቂቁ «ቅድመ ቅጥያ» ማለቱ የሰዋስው ቃላችንን በሚገባ አውሎታል። ምልክቱ «ይህ ለሙከራ ነው» የሚል ማስጠንቀቂያ ነበር። ነገር ግን ሠሪዎች የአንዱን ማሰሻ ቅጥያ ብቻ እየጻፉ ገጾቻቸውን ስላወጡ፣ በ2012 ኦፔራ፣ በ2016 ደግሞ ፋየርፎክስ የባላንጣቸውን የዌብኪትን ቅጥያ ለመቀበል ተገደዱ። ለጊዜው የተለጠፈ ቅጥያ የቃሉ አካል ሆኖ ቀረ ማለት ነው፤ በየቋንቋው የምናውቀው ነገር ነው።

በ«ነባሪ» እሴቶች ረገድ ረቂቁ አንድ ቦታ ላይ ለአማርኛ ጽሑፍ የቀጥታ ጉዳት ያመጣል። የመስመር ቁመት «ኖርማል» ሲሆን ረቂቁ «ትክክለኛ» ይለዋል። ትክክል ግን አይደለም፤ ማሰሻው ቁመቱን የሚወስደው ከፊደሉ ቅርጽ ውስጣዊ ልክ ነው። ኒያላ ባለበት ዊንዶውስ፣ ኬፋ ባለበት የአፕል መሣሪያ፣ ኖቶ ባለበት አንድሮይድ ያው የአማርኛ አንቀጽ ቁመቱ ይለያያል፤ በዚህ ልክ የተሠራ አዝራር በአንዱ ልክ ሆኖ በሌላው ፊደሉን ይቈርጣል። «እንደ ፊደሉ ቅርጽ» ቢባል ተርጓሚው ቍጥሩን ራሱ መጻፍ እንዳለበት ይገነዘባል። በእጅ ስልክ ላይ «ሙሉ ቁመት» የተባለውም ተመሳሳይ ነው፤ የአድራሻው አሞሌ ሲታይና ሲሰወር የእይታው ክልል ይለዋወጣል። ትንሹን፣ ትልቁንና ተለዋዋጩን ቁመት የሚለዩ መለኪያዎች በ2022 በዋና ዋና ማሰሻዎች ገብተዋል። ስለዚህ «ሙሉ» ሲባል የትኛው ሙሉ እንደ ሆነ መናገር ግድ ነው።

በመጨረሻ ወደ «ተጣጣፊ» እመጣለሁ። በ2009 መረቀቅ የጀመረው፣ ሁለት ጊዜ ስሙንና ትእዛዛቱን ለውጦ በ2012 መልክ የያዘው የ«ፍሌክስ» አቀማመጥ በረድፍ ያሉ ሣጥኖችን እንደ ቦታው ያሰፋቸዋል፣ ያጠባቸዋል። ተጣጣፊ ግን ታጥፎ የሚቀመጥ ነው፤ ተጣጣፊ አልጋ እንደምንለው። እዚህ የሚታጠፍ የለም፤ የሚለጠጥና የሚኮማተር ነው፤ «ተለጣጭ» ይሁን። ተለጣጭ ነገር ደግሞ ወሰን አለው፤ ይህን ስም የሰማ ሰው ወሰኑን ይጠይቃል። ወሰኑም ይህ ነው፤ ሣጥኑ ካልታዘዘ በቀር በውስጡ ካለው ረጅሙ የማይሰበር ክፍል በታች አይጠብም። ከዚያ በታች ሲገፋ ረድፉ ከገጹ ተርፎ ይወጣል። ረቂቁ ይህን ተርፎ መውጣት «መጥለቅለቅ» ብሎታል፤ ጎርፍ ግን ጎረቤቱን ያሰጥማል፣ ይገፋል፤ ከሣጥን የተረፈ ይዘት ግን ጎረቤቱን አይገፋም፤ በላዩ ላይ ይወጣል። «ተርፎ መውጣት» ይበቃል። መድኀኒቱም ዝቅተኛውን ወርድ ዜሮ ብሎ ማዘዝ ነው።

«የማይሰበር ክፍል» ያልሁትን ረቂቁ «ቃል» ይለዋል፤ ለእንግሊዝኛ ያስኬዳል፤ ለእኛ አያስኬድም። ፊደላችን በ1999 በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ሲገባ ሁለት ነጥብ፣ ይኸውም ቃልን ከቃል የሚለየው «፡»፣ የራሱን ቦታ አገኘ፤ ማሰሻ ከእርሱ በኋላ መስመር እንዲሰብር ተፈቅዶለታል። አንድ ጸሐፊ ግን በዚህ ፈንታ የላቲኑን ሁለት ነጥብ ያለ ባዶ ቦታ በቃላት መሐል ቢጽፍ፣ ለዐይን ልዩነቱ እዚህ ግባ አይባልም፤ ለማሰሻው ግን ያ ምልክት መስመር የማይሰበርበት ነው። ሃያ ቃላት ያሉት ዐረፍተ ነገር ለአንባቢው ሃያ ቃል ሲሆን ለማሰሻው አንድ የማይሰበር ክፍል ይሆናል፤ ሣጥኑ ሊጠብ አይችልም፤ ጽሑፉ ከስልኩ ዳር ተርፎ ይወጣል። ጠጋኙ የሣጥኑን ወርድ፣ ገበሩን፣ ክፈፉን ቢመረምር ምንም አያገኝም፤ ሁሉም ማሰሻዎች ስለሚስማሙም ሳንካ አይደለም። «ኦቨርፍሎው ራፕ» በሚባለው ትእዛዝ ክፍሉን የትም ቦታ ማሰበር ይቻላል። በብራና መጻሕፍታችን ቃልን ያለ ሰረዝ በመስመር መጨረሻ መክፈል የተለመደ ስለ ነበር ይህ ለፊደላችን ነውር አይሆንበትም፤ ይሁንና የዛሬ አንባቢ ልማድ ሌላ ነው፤ የሚሻለውም ምልክቱን በትክክለኛው «፡» መተካት ነው። ስለዚህ በረቂቁ ውስጥ «ቃል» የሚለው መግቢያ ለሁለት ተከፍሎ፣ የቋንቋው ቃል እንዳለ ይቅርና፣ በሁለት መሰበሪያዎች መካከል ያለው የጽሑፍ ርዝመት «ወጥ ክፍል» በሚል የራሱ መግቢያ ሊጻፍ ይገባል፤ በፍቹም ውስጥ ሁለቱ የነጥብ ምልክቶች ጎን ለጎን ይታተሙ።